ስለ ታገዱት የዋጋ መስመሮች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤታችሁን ከፍታችሁ ከአስመጪዎች የመጣውን የዋጋ ፋይል ስታስገቡ፣ በርካታ መስመሮች ቀልተው «ዋጋ አልተገለጸም» በሚል መልእክት መታገዳቸው እንዳስቆጣችሁ ከስልክ ጥሪያችሁ ተረድተናል። የመድኃኒት ቤት ሶፍትዌራችንን ማሻሻያ እሑድ ማታ ሳናስታውቅ መጫናችን ስህተት ነበርና ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ራሱ ግን የችኮላ አይደለም፤ «ሶፍትዌራችሁ ተበላሸ» መባሉም ስለከበደን ምክንያቱን ለማስረዳት እንወዳለን።

አስመጪዎች የሚልኩላችሁ ፋይል በኤክስኤምኤል የተጻፈ ነው፤ ይህም እያንዳንዱን መረጃ ስሙን በያዙ የመክፈቻና የመዝጊያ ምልክቶች (ታግ) መካከል የሚያስቀምጥ የፋይል አጻጻፍ ነው። በዚህ አጻጻፍ ዋጋ አለመኖሩ በሦስት መልክ ይመጣል፦ የዋጋው ታግ ጨርሶ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ወይም ተከፍቶ ምንም ሳይዝ ይዘጋል፤ ወይም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው፣ በፋይሉ ውስጥ ያለው መረጃ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት የሚገለጽበት የኤክስኤምኤል ስኪማ ደንብ ባስቀመጠው «ኒል» የተባለ ምልክት ሆን ተብሎ ባዶ መሆኑ ይገለጻል።

የቀድሞው ፕሮግራማችን ሦስቱንም ሳይለይ ዜሮ ይጽፍ ነበር። ያን ኮድ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ድርጅታችን አንዲት ክፍልና ሁለት ኮምፒውተር ብቻ በነበረው ጊዜ፣ ፋይሉ ሳይቆም ይለፍልኝ ብዬ። ጉዳቱን የተረዳሁት አንድ ደንበኛችን የሕፃናት ሽሮፕ በ0 ብር ደረሰኝ ቆርጦ ከሸጠ በኋላ ነው። የቀኑ ደግሞ ይብስ ነበር፤ ባዶ ሆኖ የመጣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የመረጃ ቋታችን ውስጥ ሲገባ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 እየሆነ፣ ትናንት የተረከባችሁት መድኃኒት ጊዜው ካለፈ መቶ ዓመት እንደሞላው ተቆጥሮ ከሽያጭ ይወጣ ነበር።

አሁን ታጉ ከሌለ፣ አስመጪው ስለ ዋጋው ምንም አላለም ማለት ነውና የቀድሞ ዋጋችሁ ይቆያል። ኒል ከሆነ፣ ዋጋውን ማንሳቱን ራሱ ስለነገረን አዲስ ዋጋ እስክታስገቡ መስመሩ ይታገዳል። ባዶ ታግ ሲመጣ ግን፣ በስኪማው ደንብ ባዶ ጽሑፍ እንደ አስርዮሽ ቁጥር ተቀባይነት ስለሌለውና የላኪውን ሐሳብ መገመትም የእኛ ድርሻ ስላልሆነ፣ መስመሩን ይዘን እናንተን እንጠይቃለን። «ዝም ብሎ ቢያልፈውስ?» ያላችሁን ነበራችሁ። ቢያልፈው ዕቃው ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል፤ መቅረቱንም ደንበኛ መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ ማንም አያውቅም።

ማሻሻያው ወጪ ለመቀነስ የተደረገ ነው የሚለው አስተያየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሳዝኖናል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዶላር የምንከፍለው የሰርቨር ኪራይ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኖብናል፤ የእናንተን ወርሃዊ ክፍያ ግን አንድ ብር አልጨመርንም። ይህንኑ ሥራም ወራት ፈጅተን የሠራነው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ የታገዱትን መስመሮች በአንድነት መርጣችሁ የቀድሞውን ዋጋ የምታጸድቁበት ቁልፍ ጨምረናል፤ ያጸደቀው ሠራተኛ ስምም አብሮ ይመዘገባል። ለአስመጪዎቻችሁ የምትሰጡት የአንድ ገጽ ማብራሪያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ውል ለማቋረጥ ከጻፋችሁልን መካከል በዚያች አንዲት ክፍል ሳለን ጀምሮ አብራችሁን የቆያችሁ አላችሁ። እባካችሁ ቀጣዩ የዋጋ ፋይል እስኪገባ ታገሡን፤ በዚያን ቀን ጠዋት ከሱቃችሁ ተገኝቼ አብሬያችሁ አስገባዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት