የጠየቅኩት መንገዱ እንዲጠገን ነው፤ የተፈረደው ግን በዛፉ ላይ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ከቤቴ ደጃፍ የቆመው ጃካራንዳ ይቆረጣል። ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል፤ አጥሬም ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን የመቆረጡ ዜና ብቻ አይደለም። ነገሩን የጀመርኩት እኔ መሆኔ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለፈው ዓመት አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ በቤቴ ፊት ለፊት ሲያልፉ ተደናቅፈው ወደቁና የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። የእግረኛው መንገድ ንጣፍ በዛፉ ሥር ተገፍቶ፣ ከአጠገቡ ካለው ንጣፍ አራት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። በማስመሪያ ለካሁት፣ ፎቶግራፍ አነሣሁት፣ ለከተማው አስተዳደርም በጽሑፍ አመለከትኩ። ያመለከትኩት መንገዱ እንዲጠገን ነው። ዛፉ ይቆረጥ የሚል አንድም ቃል በማመልከቻዬ ውስጥ የለም። ሰባት ወር ሙሉ መልስ ጠፋ። በመጨረሻ የደረሰኝ ወረቀት «ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት» ብሎ የሚጀምር የመቁረጥ ውሳኔ ሆኖ አገኘሁት። ጥገና የለመንኩት ሴት በዛፉ ላይ ከሳሽ ተደርጌ ተመዘገብኩ።

ውሳኔው ሦስት መስመር ነው። ሥሩ የእግረኛውን መንገድ አፍርሷል፣ የፍሳሽ ቧንቧ ውስጥ ገብቷል፣ ግንዱም ውስጡ ተቦርቡሯል ይላል። ስንት ሳንቲሜትር እንደተቦረቦረ፣ በምን እንደተለካ፣ ማን እንደለካው አይናገርም። ለምርመራ ሰው መጥቶ እንደሆነ ጎረቤቶቼን ጠየቅኩ። ያዩት ከመኪና ወርዶ ዛፉን ሽቅብ አይቶ፣ ቀለም ቀብቶ የሄደ አንድ ወጣት ብቻ ነው። እሱም የተላከው ዛፎቹን በመቁረጥ ከሚከፈለው ድርጅት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ከተማ ዛፎች ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ባለሙያዎችንም ጠይቄአለሁ። የተረዳሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

የዛፍ ሥር ብዙዎቻችን እንደምናስበው ግንዱ ሽቅብ የወጣውን ያህል ቁልቁል አይወርድም። አብዛኛው ሥር የሚገኘው ከመሬቱ ገጽ እስከ 60 ሳንቲሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ነው፤ ወደ ጎን ግን ቅርንጫፎቹ ከሚያጠሉት ቦታ አልፎ ይሄዳል። ሥርም ይተነፍሳል። በመንገድ ዳር ያለው አፈር ደግሞ ለግንባታ ሲባል ተጠቅጥቆ ስለሚደለደል አየርም ውኃም እንደ ልብ አያሳልፍም። ለጋዋ ሥር ያንን ድርቅ ያለ አፈር ሰንጥቃ መግባት ሲያቅታት በኮንክሪቱ ሆድና ከሥሩ ባለው አፈር መካከል የቀረችውን ክፍተት ትከተላለች። እዚያ አየር አለ፤ ኮንክሪቱ ሲቀዘቅዝ በሆዱ ላይ የሚጠራቀም እርጥበትም አለ። ስትገባ እንደ ክር ቀጭን ናት። ከዚያ በኋላ ግንዱ በየዓመቱ እንደሚወፍረው ሁሉ እሷም ትወፍራለች፤ ኮንክሪቱም ቦታ ሲያጣ ይነሣል።

አሁን የእኔን ዛፍ ልለካላችሁ። የግንዱ ዲያሜትር 48 ሳንቲሜትር ነው። የቆመበት ጉድጓድ በአራቱም ጎን 80 ሳንቲሜትር ሆኖ በኮንክሪት ተከብቧል። የእንግሊዝና የአውስትራሊያ የግንባታ ደረጃዎች ግንባታ በሚካሄድበት ቦታ ያለ ዛፍ ሥሩ እንዳይጎዳ ከግንዱ ዲያሜትር 12 እጥፍ የሆነ ርቀት በዙሪያው እንዲጠበቅለት ይላሉ። ለዚህ ዛፍ ሲሰላ ወደ 5.8 ሜትር ይደርሳል። ለዚህ ዛፍ የተተወለት ግን ከቅርፊቱ እስከ ኮንክሪቱ 16 ሳንቲሜትር ነው። ጉድጓዱን ከ31 ዓመት በፊት የቆፈረው፣ ችግኙን የተከለውና ዙሪያውን በኮንክሪት ያነጠፈው ራሱ የከተማው አስተዳደር ነው። ዛፉ እንዲያድግ ተከሉት፤ አደገ። ጥፋት ከተባለ ከዚህ ሌላ ምን ጥፋት አለበት?

የተነሣ ንጣፍ ደግሞ መላ አለው። ትንሽ ከሆነ ከፍ ያለውን ጠርዝ በማሽን መፍጨት ይቻላል። የባሰ ከሆነ ንጣፉ ይነሣና ሥሩ ሳይነካ በላዩ ላይ በረጅሙ የሚያዘቀዝቅ ተዳፋት ይሠራል፣ ወይም ውኃ የሚያሳልፍና ከሥሩ ጋር አብሮ የሚተጣጠፍ ንጣፍ ይነጠፋል። ጉድጓዱን ማስፋት፣ መንገዱንም በዛፉ ዙሪያ ጥቂት ማጠፍ ይቻላል፤ በእኔ ደጅ ለዚህ የሚበቃ ስፋት አለ። አደገኛው ነገር ንጣፉን የገፉትን ትልልቅ ሥሮች ከግንዱ አጠገብ ቆርጦ መንገዱን ማስተካከል ነው። ዛፉን ያቆሙት እነዚያ ሥሮች ናቸው። ባለሙያዎች ከግንዱ ዲያሜትር ሦስት እጥፍ ባነሰ ርቀት ውስጥ እንዳይቆረጡ አጥብቀው የሚያስጠነቅቁትም ለዚህ ነው። ችኩል ጥገና ጤነኛ ዛፍን ወደሚወድቅ ዛፍ ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ ይቆረጥ ማለት ተገቢ ይሆናል።

ስለ ቧንቧው ብዙ አልልም። ሥር በአብዛኛው ጤነኛ ቧንቧ በስቶ አይገባም፤ የሚገባው ቀድሞ በተሰነጠቀው ወይም በሚያንጠባጥበው መጋጠሚያ በኩል ነው፤ ውኃውን ተከትሎ። ዛፉ ቢቆረጥም የተሰነጠቀው ቧንቧ እንደተሰነጠቀ ይቀራል።

ተቦርቡሯል ስለተባለው ግን ዝም ማለት አልችልም፤ ሰውን የሚያስፈራው ይህ ቃል ነውና። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ የደን አገልግሎት የሠራው ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተማቸው ጥናቶች ዛፍ ቁስሉን እንደ እንስሳ እንደማያድን፣ ይልቁንም የበሰበሰውን ክፍል አጥሮ እንደሚዘጋውና በላዩ ላይ አዲስ ጤነኛ እንጨት እንደሚያበቅል አሳይቷል። ስለዚህ ውስጡ ክፍት የሆነ ዛፍ ሁሉ የሚወድቅ ዛፍ አይደለም። ጥያቄው ዙሪያውን የቀረው ጤነኛ ግድግዳ ምን ያህል ይወፍራል የሚል ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ክላውስ ማቴክ የተሰበሩ ዛፎችን ለክቶ ያቀረበውና ዛሬም እንደ መነሻ የሚጠቀሰው መለኪያ፣ የቀረው ግድግዳ ከግንዱ ራዲየስ ከ30 በመቶ ሲያንስ አደጋው ይጨምራል ይላል። በዛፌ ሲሰላ ሰባት ሳንቲሜትር ከጥቂት ነው። ይህን ለማወቅ ዛፉን መጣል አያስፈልግም። በመዶሻ ግንዱን እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ፣ በጣም ቀጭን በሆነ መሰርሰሪያ የእንጨቱን ጥንካሬ መመዝገብ፣ ወይም የድምፅ ሞገድ በግንዱ ውስጥ አሳልፎ የውስጡን ምስል ማውጣት ይቻላል። ከእነዚህ አንዱም በዛፌ ላይ አልተደረገም። «ተቦርቡሯል» የሚለውን ቃል የጻፈው እጅ ግንዱን አልነካውም።

ግድግዳው ሦስት ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚል ወረቀት ቢያሳዩኝ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ያቺ የተሰበረች እጅ አሁንም ከፊቴ ናት። በዚያ መንገድ ሕፃናት ያልፋሉ። ለመውደቅ የተቃረበ ዛፍ መቆረጥ አለበት፤ ይህን የማይል ሰው ዛፍ ይወዳል ለማለት ይከብደኛል።

ክርክሬ ሌላ ነው። ይቆረጥ ብሎ የሚወስነው አካል በመቁረጡ የሚጠቀም መሆን የለበትም፤ ያየውንም ከመጋዙ በፊት በጽሑፍ ማሳየት አለበት። ይህ ቀላል ሥርዓት ሲጓደል ምን እንደሚደርስ በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ከተማ በደንብ ታይቷል። የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ለ25 ዓመት የሚቆይ የመንገድ ጥገና ውል ተዋዋለ። ከመንገድ ዛፎቿ ግማሽ ያህሉን፣ 17,500 ዛፎችን የመተካት ዕቅድ በውሉ ውስጥ ነበረበት። ጤነኛ ዛፎች ንጣፍ አነሡ እየተባሉ ሲወድቁ ነዋሪዎች ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2016 ጎህ ሳይቀድ መጋዝና ፖሊስ አንድ መንገድ ላይ ደረሱና ስምንት ዛፎች ተቆረጡ፤ ዛፎቹን ለማዳን ከቆሙት መካከል ዕድሜያቸው በሰባዎቹ ውስጥ ያለ ሁለት ሴቶች ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የገለልተኛ አጣሪ ሪፖርት ምክር ቤቱ ፍርድ ቤትን ጭምር ማሳሳቱን ገለጠ፤ ምክር ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ። ለመቆረጥ ምልክት ተደርጎባቸው ከነበሩት ዛፎች ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል። ያዳናቸው ከላይ የዘረዘርኩት ዓይነት ተራ ጥገና ነው።

ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ያነጋገረኝ ባለሥልጣን ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «እናቴ፣ አይዘኑ፤ በቦታው አዲስ ችግኝ ይተከላል» አለኝ። የት ነው የሚተከለው ብዬ ጠየቅኩ። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ያው 80 ሳንቲሜትር፣ ያው የተጠቀጠቀ አፈር፣ ያው ኮንክሪት! በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለዚህ ችግር ብለው ከአፈርና ከትልልቅ ጠጠር የሚዘጋጅ ድልዳል ሠርተዋል፤ ጠጠሩ የመንገዱን ክብደት ይሸከማል፣ በጠጠሮቹ መካከል ያለው አፈር ለሥሩ ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር ታስቧል ወይ ስለው ዝም አለ። ያ ችግኝ ከጸደቀ እኔ የማላየው ሌላ ሰው ከዓመታት በኋላ ይህንኑ ማመልከቻ ይጽፋል፤ እስከዚያ ድረስም በቀትር ፀሐይ የሚጠለሉበት ጥላ አይኖርም። አሁን በዛፉ ሥር አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የረገፈውን ሐምራዊ አበባ የሚለቅሙ ልጆች አሉ። ስለ እነሱ በሦስቱ መስመር ውስጥ ምንም አልተጻፈም።

የአቤቱታዬ ግልባጭ እጄ ላይ ነው። ስሜ ከዛፉ መቆረጥ ጋር ተያይዞ መጠቀሱ እንዲሰረዝ ትናንት በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ከመቁረጥ ሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው ባለሙያ ግንዱን እንዲመረምርም ጠይቄአለሁ፤ ወጪውን ከኪሴ እንደምሸፍን በፊርማዬ አረጋግጫለሁ። የተነሣውን ንጣፍ ጠርዝ ደግሞ ሰው እንዳይደናቀፍበት ዛሬ ጧት ነጭ ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ሰባት ወር ሙሉ ማንም ያላደረገው ይህንን ነው። መልሱ ከአሥራ አንዱ ቀን በፊት እንዲደርሰኝ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቤት ባለቤት