«ወላጅ ይዘህ ና» የሚለው ጥሪ ይታሰብበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር፣ ለበርካታ ዓመታትም የክፍል ኃላፊ ሆኜ የሠራሁ መምህር ነኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር የሚነሣውና ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የሚረሳው ክርክር አንድ ነገር ሁልጊዜ እንደሚዘነጋ ስለማይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘንድ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ3 በመቶ ጥቂት ፈቀቅ ያሉ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ፣ ወላጅ መምህሩን፣ መምህር ወላጁን፣ ሁለቱም ትምህርት ሚኒስቴርን ወቀሱ። ወላጅና መምህር በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ተገናኙ፣ ሲገናኙስ በምን መንገድና ስለ ምን ተነጋገሩ ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። እኔ በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች መልሱ አጭር ነው፤ የተነጋገሩት በልጁ በኩል ነው።

«ነገ ወላጅ ይዘህ ካልመጣህ ክፍል አትገባም» የሚለውን ትእዛዝ እኛም ተማሪ ሳለን የሰማነው፣ መምህር ስንሆንም ብዙ ሳናስብበት የወረስነው ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ቀላልና ወጪ የሌለው ይመስላል። ልብ ብሎ ላስተዋለው ግን ተከሳሹን ራሱን መጥሪያ አድራሽ አድርጎ እንደ መላክ ያለ ነው። ተማሪው መልእክቱን ቢያደርስ ቤት የሚጠብቀውን ያውቃል፤ ባያደርስ ከትምህርት ገበታው ይቀራል። ሦስተኛ መንገድ ቢፈልግ አይገርምም፤ መንገዱንም መምህራን ሁላችን እናውቀዋለን። ከሰፈር አጎት ወይም ታላቅ እኅት የሚመስል ሰው ለምኖ፣ አንዳንዴም ለሻይ ብሎ ጥቂት ብር አስጨብጦ፣ ወላጅ አድርጎ ማቅረብ ነው። እንዲህ ያለውን «ወላጅ» መለየት አያዳግትም። ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ሲጠየቅ ዞር ብሎ ልጁን ያያል፤ ጥፋቱ ሳይነገረው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አይቆጣም። እውነተኛ ወላጅ ወይ በልጁ ወይ በእኛ ላይ ይቆጣል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊት ቀርቦ «ከእንግዲህ አይለምደውም» ብሎ የፈረመ፣ የልጁን የአባት ስም ግን መጥራት ያቃተው ሰው አይቻለሁ። ፊርማው በፋይል ተቀምጧል፤ በሪፖርቱም ላይ «ከወላጅ ጋር ምክክር ተደርጓል» ተብሎ ተቆጥሯል።

ትክክለኛው ወላጅ ሲመጣም ነገሩ ብዙውን ጊዜ አይቃናም። ጉሊት የምትሸጥ እናት የጠዋት ገበያዋን ትታ ትመጣለች። በር ላይ ጥበቃው ማንን እንደምትፈልግ ይጠይቃታል፤ እሷ ግን የመምህሩን ስም አታውቅም፤ ልጁም «ቲቸር ነው የጠራሽ» ከማለት በቀር አልነገራትም። መምህሩ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ግቢው ውስጥ ቆማ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ስትገናኘው ሌሎች መምህራን በሚሰሙበት፣ ልጇም አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ በቆመበት፣ የልጇ ጥፋት ይዘረዘርላታል። ንግግሩ ስለ ትምህርቱ አይደለም፤ አርፍዷል፣ ረብሿል፣ ዩኒፎርም አልለበሰም የሚል ነው። እሷም ራሷ የተቀጣች ያህል አፍራ ትመለሳለች፤ ማታ አባቱ ቀበቶውን ይፈታል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠራ «አሞኛል በላቸው» ብትል የሚፈርድባት ማን ነው? ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ግድ የላቸውም የሚለው የእኛ የመምህራን ወሬ ከትምህርት ቤት በራፍ የሚያርቃቸውን ይህን ሁሉ አይቆጥርም።

ስለዚህ የእኔ አሳብ አንድ ነው፤ መምህሩ ለወላጁ የሚያስተላልፈውን ነገር ልጁ ተሸካሚ ሳይሆን በቀጥታ ያድርስ፤ የመጀመሪያው ግንኙነትም ጥፋት ሳይመጣ በፊት ይሁን።

ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበው መሣሪያ ስልክ ነው። ወላጆቻችን ሁሉ ዘመናዊ ስልክ ባይኖራቸውም፣ ከተማ ውስጥ ተራ የእጅ ስልክ የሌለው ቤት እምብዛም ነው። ነገር ግን ከትምህርት ቤት የተደወለ ስልክ ለወላጅ ምን ማለት እንደሆነ መዘንጋት የለበትም፤ ልጄን መኪና ገጨው፣ ወድቃ ተሰበረች ከሚል ድንጋጤ ይጀምራል። ስለዚህ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የታወቀ መሆን አለበት። «ደኅና ዋሉ፣ እናቴ? የልጅዎ የክፍል ኃላፊ ነኝ። አይደንግጡ፣ ልጅዎ ደኅና ናት፤ ምንም አላጠፋችም።» ከዚያ በኋላ አንድ የታየላትን መልካም ነገርና አንድ የሚያስፈልጋትን እገዛ መንገር ይበቃል። ለምሳሌ ሒሳብ ላይ ፈጣን ናት፤ እንግሊዝኛ ግን ድምፅዋን አውጥታ ማንበብ ታፍራለች፤ ማታ ማታ ለታናናሾቿ ጮክ ብላ ታንብብላቸው፣ እርስዎም አጠገቧ ሆነው ይስሙ። ይህን ለማድረግ እናቲቱ ፊደል መቁጠር አይጠበቅባትም። «ልጅዎን ይከታተሉ» የሚለው የዘወትር ማሳሰቢያችን ግን ላልተማረ ወላጅ ባዶ ቃል ነው፤ ምኑን፣ እንዴት አድርጎ እንደሚከታተል አይነግረውምና።

እንዲህ ያለው ጥሪ በጥቅምት ከተደረገ፣ በየካቲት ልጅቷ ሦስት ቀን ስትቀር የሚደረገው ሁለተኛው ጥሪ የተለየ ጆሮ ያገኛል። በጥቅምት የሰማችው ድምፅ ነውና እናት ልጇን ከመከላከል ይልቅ ስለሆነው ነገር ትናገራለች። ብዙ ጊዜ ከዚህ ንግግር የሚወጣው እኛ ስንፍና ያልነው ነገር ሌላ መሆኑ ነው፤ የታመመች አያት የምታስታምመው ልጅቷ ሆና ትገኛለች፣ ወይም ቤተሰቡ ከቤት ኪራይ ብዛት የተነሣ ሩቅ ሰፈር ገብቶ ልጅቷ ሁለት ታክሲ እየቀየረች ትመጣለች።

በጽሑፍ የሚላክ መልእክት ርካሽ ነው፤ ሆኖም የራሱ ጣጣ አለው። በፊደላችን ሲጻፍ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ቢሆን 160 ይይዛል። አንዳንድ አሮጌ ስልኮች ደግሞ ፊደላችንን በአራት ማዕዘን ሳጥን ተክተው ያሳያሉ። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ማንበብ የማይችል ወላጅ የተላከለትን መልእክት የሚያስነብበው ያንኑ ልጁን መሆኑ ነው። የስብሰባ ቀን ለማስታወቅ ይሁን፤ ስለ ልጁ ለመነጋገር ግን ድምፅ ይሻላል።

የግል ትምህርት ቤቶች የመገናኛ ደብተር ይጠቀማሉ። በታችኛዎቹ ክፍሎች መልካም ሥራ ይሠራል፤ የቤት ሥራው ተጽፎ፣ መምህሯ ሁለት ቃል ጨምራ፣ እናት ማታ ትፈርማለች። ልጁ ከፍ ሲል ግን የእናቱን ፊርማ ከእናቱ ይልቅ አሳምሮ ይፈርማል።

ስለ ወላጆች ስብሰባ ጥቂት ልበል። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ከመማር ማስተማሩ፣ ከምቹ የትምህርት አካባቢና ከአመራሩ ቀጥሎ የኅብረተሰብ ተሳትፎን አራተኛ ዐቢይ ርዕሱ አድርጎ አስቀምጧል። ነገሩ በወረቀት ላይ መልካም ነው፤ በተግባር ግን ተሳትፎ የሚለው ቃል በአብዛኛው ወደ መዋጮ ተተረጎመ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ አጀንዳው አጥር ነው፣ ተጨማሪ ክፍል ግንባታ ነው፣ የጥበቃ ደመወዝ ነው፤ በግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ የክፍያ ጭማሪ ነው። ወላጅ አዳራሽ ውስጥ ከብዙ መቶ ሰው ጋር ተቀምጦ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ሰምቶ ይመለሳል እንጂ ልጁን በየቀኑ የሚያየውን ሰው አያናግርም። የሴሚስተር ካርድ የሚሰጥበት ቀን የተሻለ ዕድል ነበር፤ ሰልፉ ረዥም ከመሆኑ የተነሣ ግን ካርዱን ተቀብሎ፣ ደረጃውን አይቶ መሄድ ሆኗል። ስብሰባው በየክፍሉ ቢሆን፣ በሥራ ቀን ሳይሆን ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ቢሆን፣ ገንዘብም በዚያ ቀን ፈጽሞ ባይነሣ፣ የሚመጣው ሰው ቁጥር እንደሚለወጥ አልጠራጠርም። ትምህርት ቤት ሲጠራቸው የሚቀሩ አባቶች በእድር ስብሰባ አይቀሩም፤ በእድሩ ዳኛ በኩል የሚተላለፍ ማስታወቂያ በልጅ እጅ ከሚላክ ወረቀት በፊት ይደርሳል።

ወደ ቴሌግራም ልለፍ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ በተለይ በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የመልመጃ ወረቀት በቴሌግራም ይልኩ ጀመር፤ ያን ጊዜ የተከፈቱት ግሩፖችም ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ቀጠሉ። ለጋራ ማስታወቂያ ከእነርሱ የሚቀል የለም። ነገር ግን የአንድን ልጅ ውጤት ወይም ጥፋት በስሙ ጠቅሶ ለአርባና ለሃምሳ ወላጅ መላክ በዝንጋታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። በአንድ ግሩፕ ውስጥ የክፍሉ የፈተና ውጤት ሙሉ ዝርዝር ከነስሙ ተለጥፎ፣ ከሥር የጭብጨባ ምልክት ሲደረደር አይቻለሁ፤ የመጨረሻው ተራ ላይ የተጻፈው ልጅ እናትም እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነበረች። ስለ አንድ ልጅ የሚባል ነገር ለወላጁ ለብቻው ይነገር። ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅም የግሩፑ አባል ባለመሆኑ ብቻ «መረጃ ደርሶት ችላ ያለ» ተደርጎ አይቆጠር።

ልጁን መልእክተኛ የማድረግ ነገር እጅግ የሚከፋው ወላጅ አማርኛ አጥርቶ በማይናገርበት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ አፋን ኦሮሞ፣ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ ወይም ትግርኛ የሚቀላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ሲመጣ አስተርጓሚው ያው የተከሰሰው ልጅ ይሆናል፤ መምህሩ ለሁለት ደቂቃ ሲናገር ልጁ በአራት ቃል ይተረጉመዋል፤ አባትም ፈገግ ብሎ ያመሰግናል። ቋንቋውን የሚናገር መምህር በዚያው ስታፍ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መጥራት ለምን እንደማይታሰበን አይገባኝም። ይህ ችግር የአገር ቤት ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በእንግሊዝኛ ምክንያት ያውቁታል። በዚያ አገር ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ተማሪውን አስተርጓሚ አድርገው እንዳይጠቀሙም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የፌዴራል መመሪያ አሳስቦ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ዋና ዋና ማስታወቂያዎች በአማርኛም ይዘጋጃሉ። ሜሪላንድ ያለች እናት በአማርኛ የሚደርሳትን፣ አዲስ አበባ ያለ የኦሮምኛ ተናጋሪ አባት በቋንቋው ቢያገኝ የቅንጦት ጉዳይ አይሆንም።

ሌላው ወላጅ ብለን የምንጠራው ሰው ማን እንደሆነ አለማወቃችን ነው። እናቱ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ከአያቱ ጋር የሚያድግ ልጅ በየክፍሉ አለ። አያት ትጠራለች፣ ትመጣለች፣ ታለቅሳለች፤ የልጁን ትምህርት በተመለከተ የሚወስነው ግን ገንዘቡን የምትልከው እናት ናት፤ እሷም በኢሞ ማታ ማታ ከልጇ ጋር ታወራለች። ከአያት ፈቃድ ጠይቆ ለእናቲቱ አንድ የድምፅ መልእክት መላክ የሚከብድ አይደለም። የምታደምጠው የአሠሪዎቿ ቤት ሲተኛ ነውና መልሱ በማግሥቱ ቢመጣ አይግረመን።

ይህን ሁሉ ስል መምህሩ ላይ ሸክም ለመጨመር አይደለም። ከሃምሳ በላይ ተማሪ ያለው ክፍል ኃላፊ የሆነ፣ የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜም የበዛበት መምህር በገዛ ካርዱና በዕረፍት ሰዓቱ ሃምሳ ቤት ይደውል ማለት ቀልድ ነው። ጥቂቶች ያደርጉታል፤ የጥቂቶች ደግነት ግን አሠራር አይሆንም። ለትምህርት ቤቱ የሚገዛ አንድ የስልክ መስመርና የአየር ሰዓት፣ ለክፍል ኃላፊው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ በመደበኛ ፕሮግራሙ ላይ ተቆጥሮ ቢሰጠው፣ በአንደኛው ሴሚስተር ሁሉንም ቤት አንድ አንድ ጊዜ ማዳረስ ይቻላል። ርዕሳነ መምህራንም ስንት ወላጅ እንደተጠራ ከሚቆጥሩ፣ ስንት ወላጅ ጥፋት ሳይኖር እንደተነጋገረ ቢጠይቁ የክፍል ኃላፊው ሥራ አቅጣጫ ይቀየራል።

የክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከአዲሱ ዓመት በፊት ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገርም አለ። የተማሪ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ዛሬ ያለው የወላጅ ስም፣ ስልክና ፊርማ ብቻ ነው። ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ስለ ትምህርቱ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቋንቋ ማውራት እንደሚቀላቸው፣ ስንት ሰዓት ላይ ቢደወል እንደሚመቻቸው የሚጠይቁ አራት መስመሮች ይጨመሩበት። ቁጥሩንም መዝጋቢው እዚያው ወላጁ ፊት ደውሎ ያረጋግጠው፤ በየዓመቱ ከሚሞላው ቁጥር ስንቱ የልጁ የራሱ ስልክ እንደሆነ የምናውቀው በመጀመሪያው ጥሪ «ሄሎ፣ አባቱ ነኝ» የሚል የጎረምሳ ድምፅ ስንሰማ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር፣ ከአዲስ አበባ