የተሰነጠቀ ሞኖብሎክ በብር ቀለም ሥር

ለተከበረው ጋዜጣ አዘጋጅ፣

የእህል ነጋዴ ነኝ፤ ገብስና ባቄላ ከመሐል ሜዳና ከዙሪያው ገበያዎች እየሰበሰብኩ ደብረ ብርሃን አስገባለሁ። ለዚሁ ሥራ በደላላ አማካይነት የገዛሁት ያገለገለ የናፍጣ ፒካፕ ሦስት ወር ሳይሞላው ሞኖብሎኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና የብረት አካል፣ ተሰንጥቆ ተገኘ። የራሴን ኪሳራ ለማሰማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣችሁን ባላስቸገርኩ ነበር። ሆኖም መኪናውን ያየ መካኒክ ሁሉ «በእኛ አገር የተለመደ ነው» ስላለኝ፣ ይህን ያህል የተለመደ ጉዳት ከግዢ በፊት ለምን እንደማይመረመር ለመጠየቅ ተገድጃለሁ።

ምልክቱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነበር። ራዲያተሩ በየማለዳው ሁለት ብርጭቆ ያህል ውሃ ይጎድለዋል፤ ከመኪናው ሥር ግን ጠብታ አይታይም። የመጀመሪያው ጋራዥ ችግሩ የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞኖብሎኩና ከላዩ በሚገጠመው የሞተር ራስ (ቴስታ) መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ነው ብሎ ቀየረው። ሁለተኛው ቴስታውን ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጠና ጓርኒሲዮኑን ደግሞ ቀየረ። ውሃው መጉደሉን፣ ዘይቱም ወተት የተቀላቀለበት ቡና መምሰሉን አልተወም። ሦስተኛው መካኒክ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ አንድም ቡሎን ሳይፈቱ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥመው አንድ ባር ያህል ግፊት ሰጡት። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ የፓምፑ ቀስት ወርዶ፣ በሞኖብሎኩ ጎን አዲስ በተቀባው የብር ቀለም ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ላብ አውጥቶ አገኘነው። ቀለሙ ሲፋቅ ከሥሩ ብረት የሚመስል ማጣበቂያ ታየ፤ ሞተሩ ሲፈታም ስንጥቁ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከዘይቱ ጋር ይገናኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት በማይፈጅ ምርመራ ሊታወቅ ለሚችል ነገር ሁለት ጓርኒሲዮን ከፍያለሁ።

የመሰንጠቁ ምክንያት ምስጢር አይደለም፤ መንገዳችንን የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። እዚያ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ጎማ አርጅቶ ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ቆላ ላይ ጸጥ ብሎ የነበረው ውሃ የጣርማ በር ዋሻ ሳይደረስ ገንፍሎ ይወጣል። ሹፌሩም ይቆምና ከመንገዱ ዳር ከሚወርደው ምንጭ በጀሪካን ቀድቶ ይሞላል። የጋለ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ እኩል ስለማይኮማተር ያኔውኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚህ ቢተርፍም ሌላ ጣጣ ይከተለዋል፤ በራዲያተሩ ውስጥ የነበረው ፀረ በረዶ ፈሳሽ በእያንዳንዱ ጀሪካን እየቀጠነ ይሄዳል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ፈሳሽ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ድረስ አይረጋም፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ የሚቀረው ግን ተራ ውሃ ነው። ያ መኪና በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ በሚያድርበት ሌሊት፣ ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ደጅ ላይ ሲያድር ውሃው ይረጋል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሞኖብሎክ የሚሠራበት ብረት ደግሞ ሳይለጠጥ የሚሰበር ነው። በሞኖብሎኩ ጎን የተተከሉትን ክብ ክዳኖች ብዙ ሰው ለውርጭ ተብለው የተሠሩ ይመስሉታል፤ በእርግጥ ግን ብረቱ ሲቀረጽ የውስጡ አሸዋ የወጣባቸው ቀዳዳዎች መድፈኛ ስለሆኑ መተማመኛ አይሆኑም።

የአሠራር ጉድለት ያለበት ሞኖብሎክ የለም ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ በዶጅ ራም ፒካፖች ላይ ከተገጠሙት ባለ 5.9 ሊትር የከሚንስ ሞተሮች መካከል 53 የሚል ቁጥር የተቀረጸባቸው፣ የውሃ መሄጃቸው ግድግዳ ስስ በመሆኑ በመሰንጠቅ ይታወቃሉ፤ የዚያ አገር ገዢም አስቀድሞ ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል። የእኛ ገዢ ግን ጎማና ቀለም አይቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ድምፅ አዳምጦ ቀብድ ይከፍላል።

ሻጭም ይህን ያውቃል። የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ ይጥልና የሙቀት መለኪያው ዝቅ እንዳለ ይቆያል፤ ሞተሩን አሳጥቦ ቀለም ያስቀባዋል። ከዚያም ውሉ ላይ «ገዢ መኪናውን አይቶና ወዶ ባለበት ሁኔታ ገዝቷል» ተብሎ ይጻፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ቢደነግግም፣ ያቺን ሐረግ የፈረመ ገዢ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል፤ እኔም ለጊዜው እንደዚያው ሆኜ ነበር። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት እጅግ ውድ ካደረገው ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ ፒካፖች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ጉዳታቸውም አብሮ ይተላለፋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ፍሬንና መብራት እንደሚያየው ሁሉ፣ ስም በሚዛወርበት ጊዜ ቢያንስ በቀዝቃዛ ሞተር የሚደረግ የግፊት ፍተሻ ውጤት ከሊብሬው ጋር እንዲያያዝ የሚመለከታቸው የትራንስፖርት ቢሮዎች ያስቡበት። ፓምፑ ውድ አይደለም፤ ደህና ጋራዥ ሁሉ አለው። እስከዚያው ገዢ የሚሆን ሰው ሞተሩ ሳይነሳ በማለዳ ደርሶ ክዳኑን ይክፈት፤ ሻጭ «ቀድሜ አሙቄልሃለሁ» ካለው ሌላ ቀን ይቅጠረው።

ስለ ፈሳሹም አንድ ነገር ልጨምር። ከመለዋወጫ ሱቅ ፀረ በረዶ ተብሎ የተሸጠልኝን አረንጓዴ ፈሳሽ ተጠራጥሬ በዝርግ ሳህን አድርጌ በታኅሣሥ ውርጭ ደጅ አሳደርኩት። ጎህ ሲቀድ ሳህኑን ብገለብጠው ጠብ የሚል ነገር አልነበረም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእህል ነጋዴ፣ ከደብረ ብርሃን