አባዬ፣ ከንቱ ነበር አትበለኝ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እማዬስ ደህና ናት? ጅማ ዘንድሮ ዝናቡ ጨክኗል አሉ።

ባለፈው ስንደዋወል «ፓርላማ የኖርኩት አሥር ዓመት ከንቱ ነው፣ ጠመኔዬን ይዤ ብቀር ይሻለኝ ነበር» አልከኝ። ስልክ ላይ መከራከር አልፈለግኩም፣ ትናደዳለህ፣ ከዚያ ግፊትህ ይነሳል። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልህ። በግማሹ አልስማማም።

ፓርላማው ሰኔ 30 ተዘግቶ አንተ ቤት በገባህ ማግስት ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለው በራችን ላይ ሰው ይሰለፍ ነበር። ከሰቃ፣ ከማና፣ ከቀርሳ፣ ጭቃውን እንደረገጠ። ትራንስፎርመር የተቃጠለበት አለ፣ ቦኖው የደረቀበት አለ፣ መሬቱን የተቀማ አለ። እማዬ ቡና ስታፈላ ትውላለች (እሷን ያመሰገናት ሰው ግን ትዝ አይለኝም)። አንተ ደግሞ ማመልከቻውን ተቀብለህ መጀመሪያ የምታወጣው ቀይ እስክርቢቶ! በኦሮምኛው ጽሑፍ፣ ቁቤው ላይ፣ ድርብ መሆን የነበረበት አናባቢ ነጠላ ሆኖ ካገኘኸው ታከብበታለህ፣ «የምትጠይቀውን ከላይ ጻፍ፣ ብሶቱ ይቆይ» ብለህ እዚያው በረንዳ ላይ እንደገና ታስጽፈዋለህ። ሰውዬው ትራንስፎርመር ሊጠይቅ መጥቶ የቤት ሥራ ይሰጠው ነበር። ግን ቢሮ ሲገባ የያዘው ወረቀት ጥርት ያለ ነው፣ አንገቱን አይደፋም። ይሄ ከንቱ ነው?

ሌላው ግማሽ ፓርላማ ውስጥ ለድምፅ እጅ ማውጣቱ ነው። ሲቪክስ ስታስተምረን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 በቃላችን አስይዘኸናል። የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው። በ1997 ተመርጠህ ስትገባ በተቃዋሚ ወንበር የነበሩት እነ ዶክተር መረራና ፕሮፌሰር በየነም እንዳንተው መምህራን ነበሩ። ክርክሩ ይሞቅ ነበር፣ እኛም ካሜራው ሲዞር አንተን ለማየት ቴሌቪዥኑ ላይ እንፈጥ ነበር። ከ2002 ምርጫ በኋላማ ከ547 ወንበር አንድ ተቃዋሚና አንድ የግል ተመራጭ ብቻ ቀሩ፣ ምን ክርክር አለ!

የኔ ጥያቄ ከዚያ በፊት ስላለው ነው። በ2001 የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ሲጸድቅ እጅህን አወጣህ። ተቃዋሚዎቹ ሕጉ ሰው ማሰሪያ ይሆናል ብለው ነበር። ሆነም፣ ጋዜጠኛውም ፖለቲከኛውም ታሰረበት። በ2012 ራሱ ምክር ቤቱ በሌላ አዋጅ ተካው። «የድርጅት ውሳኔ ነው» እንዳትለኝ፣ የፓርቲህን የኦሕዴድን አሠራር አውቃለሁ። አንተ ግን ምን አሰብክ? ከዳር እስከ ዳር አንብበኸው ነበር? ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በለኝ፣ አምነህበት ከሆነም አመንኩ በለኝ፣ ሁለቱንም እችለዋለሁ። ሁሉንም ጠቅልለህ «ከንቱ» ስትለው ግን ጥያቄዬን እየሸሸህ ነው የሚመስለኝ።

በስልክ ሳይሆን ጽፈህ መልስልኝ። የዓይን ሐኪም ቀጠሮህን ደግሞ እንዳትዘል፣ የመድኃኒቱን በቴሌብር ልኬልሃለሁ።

ልጅህ