ሽቦው፣ ያቺ የድሮ ኔትወርክ ካርድ አንተ ጋ ናት?

ሽቦው፣ እንዴት ነህ?

መጥፋቴን አውቃለሁ። ሁለት ፋሲካ አለፈ። ለልጅህ ክርስትና እንኳን ደውዬ «እንኳን ደስ ያለህ» አላልኩህም። ይቅርታ። ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ፣ እንለፈው። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። መቼም የሐዋሳ አሳ አወፍሮሃል።

ይህን የምጽፍልህ ከሰርቨር ክፍሉ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። ኤሲው ማጅራቴ ላይ ይነፍሳል፣ ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመጣ የፋይል ሰርቨሩ ኔትወርክ ካርድ ተቃጠለ። ከመርካቶ አንዲት ርካሽ ካርድ ገዝቼ ሰካሁ። ሊኑክሱ ወዲያው አወቃት። ቪላኖቹን፣ በአንድ ኬብል የሚያልፉትን የተለያዩ ኔትወርኮች፣ እንደ ድሮው ሠራሁ። «አለህ?» ብዬ ፒንግ አደረግሁ፣ መለሰ። ደስ ብሎኝ ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ። ሳልጨርሰው ሂሳብ ክፍል ደወለ። ፋይል ሲከፍቱ ይከፈታል፣ ሴቭ ሲያደርጉ ይንጠለጠላል። ሁሉም አይደለም ደግሞ። ትንንሹ ይቀመጣል፣ ትልቁ ነው እምቢ የሚለው።

አንተ ብትሆን እዚህ ላይ ነቅተህበት ትስቅ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ኬብሉን ከሰርቨሩ ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁና የሚያልፈውን ለማየት ዋየርሻርክ ከፈትኩ። ፓኬቱ የየትኛው ቪላን እንደሆነ የሚናገር ታግ የሚባል ነገር የለም። ፓኬቱ ሁሉ ራቁቱን ነው የሚመጣው። በቃ፣ ታጉን የሚለጥፈው ስዊቹ ነውና ጥፋቱ የሱ ነው አልኩ።

ስዊቹን ያዋቀረው አዲስ የተቀጠረ ልጅ ነው። አስጠራሁት። ሂሳብ ክፍሎች ፊት «ትራንክና አክሰስ ሳትለይ ነው እንዴ ስዊች የምትነካው?» አልኩት። ታግ ያለውን ፖርት ከሌለው አትለይም ማለቴ ነው። ልጁ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ቪላን 30 ታግ ተደርጎ ነው የሚወጣው፤ ላሳይዎት?» አለኝ። አላይም አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣውም። የያዘውን የኮንሶል ኬብል እጁ ላይ እየጠቀለለ፣ መልሶ እየፈታ ቆመ።

ለምን ለአንተ እንደምጽፈው ይገባሃል መቼም።

ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው ያባነነኝ። ዊንዶውስ ላይ የላፕቶፔ ድራይቨር ታጉን ገፎ ነው እኮ ፓኬቱን ለዋየርሻርክ የሚሰጠው! ሬጅስትሪ ውስጥ ገብተህ «ተወው» ካላልከው አያሳይህም። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ደግሞስ ስዊቹ ታግ ባያደርግ ኖሮ ሰርቨሩ በቪላን 30 ፒንጉን በምን ይመልስልኝ ነበር? በዚያው ፒንግ ተደስቼ አይደል ማኪያቶ ልጠጣ የወጣሁት?

ከዚያ እንደ ድሮው በመጠን ፒንግ ማድረግ ጀመርኩ። «አትቆራርጥ» ብዬ 1472 ባይት ላክሁ። የለም። 1400 አለፈ። 1450 አለፈ። 1468 አለፈ። 1469፣ ጭጭ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ጥበቃው መጥቶ በበሩ አየኝ። 4 ባይት! ታጉ ራሱ እኮ 4 ባይት ነው። 1472ቱ ከነማሸጊያው 1518 ባይት ፍሬም ነው፤ ታጉ ሲገባበት 1522 ይሆናል። የዚህች ካርድ ድራይቨር ደግሞ ከ1518 ያለፈውን ሁሉ በር ላይ ይጥለዋል። በኢዝቱል ትእዛዝ የካርዷን የስህተት ቆጣሪ ከፍቼ ፒንግ ሳደርግ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ይጨምራል። ስትልክ ችግር የለባትም፣ ስትቀበል ነው። ለዚህ ነው መክፈት እየሠራ ሴቭ ማድረግ የሞተው።

ካርዷ ታጉን ራሷ እንዳትነካ የቪላን ኦፍሎዱን አጥፍቼ ሞከርኩ። አዲስ ድራይቨር ኮምፓይል አደረግሁ። ያው ነው። ለጊዜው የቪላን 30ን ኤምቲዩ፣ የፓኬቱን የመጠን ጣሪያ ማለት ነው፣ ከ1500 ወደ 1496 ዝቅ አደረግሁት። ሰርቨሩ ግንኙነት ሲጀምር «ከዚህ የበለጠ አትላኩልኝ» ስለሚል ኮምፒውተሮቹ አሳነሱለት፣ ሴቭ ማድረግ ጀመረ። ፕላስተር መሆኑን ግን አጥቼው አይደለም። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ 1496 ሲያይ ራሱን ያካል።

ልጁ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይገባል። ሁልጊዜ ቀድሞኝ ነው የሚመጣው። ምን ብዬ እንደምጀምር እንጃ። ሂሳብ ክፍል ፊት ሰድቤው ይቅርታውን ኮሪደር ላይ ብጠይቀው ያንስበታል። ሂሳብ ክፍል ድረስ ይዤው ልሂድ? እዚያ ገብቼ ስለ 4 ባይት ላወራላቸው ነው? አንተን ደግሞ ያኔ በዚያ ስብሰባ ላይ... ተወው። ለአንተ ኮሪደር ላይ እንኳን አላልኩህም። ጥፋቱ ያንተ እንዳልነበረ ያወቅሁት በሳምንቱ ነበር። በሳምንቱ፣ ሽቦው።

እሺ፣ ወደ ጉዳዬ። ከአሮጌው ሰርቨር የፈታናት ኢንቴል ካርድ፣ ያቺ ቆርቆሮዋ የተጣመመው፣ አሁንም አለች? ስትለቅ ብስኩት ጣሳ ውስጥ ከብሎን ጋር ከትተህ ይዘሃት ሄደሃል። አይቼህ ዝም ነው ያልኩህ፣ ሌባ። በሚመጣ ሰው ላክልኝ። ሰው ከጠፋም ለአውቶቡስ ሾፌር ስጥልኝ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄጄ እቀበለዋለሁ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። መደወሉ ከከበደህ ካርዷን ብቻ ላክ። የተጣመመውን እኔ አቃናዋለሁ።