ስለ ቁልቢው ስለት፣ ይድረስ ለአባቴ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

አባባ፣ በደብዳቤ የምጽፍልዎ በስልክ ሳነሣብዎ «የተሳልኩት እኔ ነኝ» ብለው ወሬውን ስለሚያስቀይሱብኝ ነው። እኔ ቀዶ ሕክምና ስገባ፣ ከድሬዳዋ ጀምረው በእግርዎ ሄደው ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ሊያስገቡ እንደተሳሉ አውቃለሁ። ያ ባለ ወርቅ ዘርፍ ቀይ ከፋይ ጃንጥላም ከነላስቲኩ ቁም ሳጥኑ ላይ ሆኖ ታኅሣሥ 19ን ይጠብቃል። ሐኪሙ ግን እንኳን የቁልቢን ዳገት፣ ከፒያሳ አራት ኪሎም በታክሲ እንዲሄዱ ነው ያዘዙት።

መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ማለቱ እንደሚያስጨንቅዎ ይገባኛል። ነገር ግን የስለትን ሥርዓት በዝርዝር የያዘው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 ነውና እሱንም ቢያዩልኝ እወዳለሁ። ሰው ራሱን ለእግዚአብሔር ሲሳል ከ20 እስከ 60 ዓመት ላለ ወንድ ግምቱ 50 ሰቅል (የጥንት የብር መመዘኛ) ሲሆን፣ 60 ለሞላው ግን ወደ 15 ይወርዳል፤ ይህንንም መክፈል ያቃተው ካህኑ ፊት ይቆማል፣ ካህኑም እንደ አቅሙ ይተምንለታል። ሕጉ ራሱ ለሽማግሌ ካቀለለ፣ የእርስዎ ጉልበት ብቻ የማይታዘንለት ለምንድን ነው? ልብ ይበሉልኝ፣ የሚተምነው ካህኑ ነው እንጂ ባለ ስለቱ ወይም ልጁ አይደለም። ስለዚህ «ይቅርብዎ» የማለት መብት የለኝም፤ አንዳንድ ዘመዶቻችን «ሻማ አብርቶ ይተወው» የሚሉትም አይጥመኝም።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ለመድኃኒት ብዬ የምሰጥዎን ገንዘብ ለጉዞው እንደሚያስቀምጡት ሰምቻለሁ። ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው እያሉ የሚያስቀሩትን ገሥጿል፤ እርስዎን መጦር የእኔ ዕዳ ነውና እባክዎ በስለት ስም አያስቀሩብኝ።

እሑድ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ሲወጡ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ፤ አብረን የነፍስ አባትዎ ዘንድ እንሂድ። የእግር መንገዱን በጸሎትና በምጽዋት ከለወጡልዎ ጃንጥላውን እኔ ይዤ እሄዳለሁ። ራስዎ ይሂዱ ካሉም እስከ ድሬዳዋ የሁለታችንንም የአውሮፕላን ትኬት እቆርጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በመኪና እንሄዳለን።

አክባሪ ልጅዎ