«ጅራፍ ነበር የሚበጀው» ለምትሉ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ስርቆት በበዛ ቁጥር በጎንደር ጠላ ቤትና ካፌ «የድሮው ቅጣት ይሻል ነበር» የሚል ወግ ይደራል። የድሮውን ቅጣት ግን ይህች ከተማ በሚገባ አይታዋለች። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በንጉሡ ስም አገር ይገዙ በነበሩት በትግራዩ መስፍን በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን የሰው ዓይን ሲወጣ፣ ቆዳ ሲገፈፍ፣ ሬሳም በየመንገዱ ለጅብ ሲተው ጽፏል። ያ ሁሉ በእሳቸው ላይ የተነሣውን ዐመፅ አላበረደም፤ ራስ ሚካኤል ራሳቸው በ1763 በሰርባኩሳ ጦርነት ተሸነፉ።

ለእኔ ከጭካኔው የሚብሰው ሰው ጥፋተኛ የሚባልበት ማስረጃ ነው። ሌባሻይ የሚባለውን የድሮ ሌባ መፈለጊያ አስቡት፦ አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይጠጣ ነበር፣ ወገቡን ታስሮ ይለቀቅ ነበር፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። በዚህ መንገድ የተያዘ ሰው ከተቀጣ በኋላ እውነተኛው ሌባ ቢገኝ፣ የተቆረጠ እጅ አይቀጠልም።

ለውጡም ባንድ ጀንበር አልመጣም። የስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ለከባድ ስርቆትና ለውንብድና ግርፋት ገብቶበት ነበር፤ ሞትም በስቅላት ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግርፋትን አስቀረ። በአንቀጽ 117 መሠረት የሞት ቅጣት ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም፤ በአደባባይም በስቅላትም ማስፈጸም ክልክል ነው።

አሁን ሰው የሚያጉረመርመው በአመክሮ፣ ማለትም ታራሚ ጊዜው ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ በመፈታቱ ላይ ነው፤ «ጊዜውን ሳይጨርስ በገንዘብ ወጣ» ይባላል። ወህኒ የሚለውን ስም ያወረሰን፣ የፋሲል ዘር የሚታገድበት የበለሳው ወህኒ አምባ ነው ይባላል፤ ከዚያ የሚወጣው ባብዛኛው ንጉሥ ሊሆን የተፈለገ ሰው ነበር። የዛሬው ታራሚ ግን ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመቱን ሲጨርስ ራሱ ወይም ማረሚያ ቤቱ ለፍርድ ቤት ያመለክታል። ጠባዩ መታረሙ መረጋገጥ አለበት፤ በፍርድ የተወሰነውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ካሳም አቅሙ በፈቀደ መጠን መክፈል አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ የካሳው ነገር ነው። ተበዳዩ ካሳውን በፍርድ ካላስወሰነ ወይም ካልተስማማ፣ አመክሮ ሲታይ ታራሚው ካሰ አልካሰም የሚለካበት ቁጥር የለም። ስለዚህ ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲታይለት ይጠይቅ፤ የጠፋውን ዕቃ ዝርዝርና ዋጋ፣ ደረሰኝ ካለው ደረሰኙን፣ ገና ከምርመራው ጀምሮ መዝገቡ ውስጥ ያስገባ።

አንድ የሕግ ባለሙያ
ከጎንደር